አድሬስ ሳኒታይዘር፦ ገበናዬን ያወጣብኝ መሣሪያ

ለሦስት ሳምንት አንድ ባግ (የኮድ ስህተት) ሲያሾፍብኝ ነበር። ትርፍ ሰዓቴን የማጠፋው ኦፕን ሶርስ በሆነ የሞባይል ኔትወርክ ሶፍትዌር ላይ ነው፤ ስልክ ሲመዘገብ፣ ሲደወልና ጥሪ ሲዘጋ የሚያስተናግደው ክፍል ላይ። ፕሮግራሙ አልፎ አልፎ፣ ጥሪ ከተዘጋ ጥቂት ሰከንድ በኋላ ድፍት ይላል። እስቲ ልይህ ስለው ግን አይሞክራትም። የሚሠራውን የሚመዘግብ ሎግ ጨማመርኩበት፤ ጭራሽ ጠፋ።

በመጨረሻ አድሬስ ሳኒታይዘርን አበራሁት። ፕሮግራም ሜሞሪን ያለአግባብ ሲነካ የሚይዝ፣ ጉግል ውስጥ የተሠራ ነፃ መሣሪያ ነው፤ ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይሩት ኮምፓይለሮች፣ ክላንግም ጂሲሲም፣ ይዘውት ይመጣሉ። ጂሲሲ ከቅጂ 4.8 ጀምሮ አለው። ኮዱን ኮምፓይል ስታደርጉ አንድ ትእዛዝ መጨመር ነው፣ በቃ። ኦፕን ሶርስ የሞባይል ኔትወርክ ሶፍትዌር የሆኑት የኦስሞኮም ፕሮጀክቶች ላይማ ማብሪያው ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

በዚያው ቀን ያዘው። ሦስት ነገር ነው የሚነግራችሁ፤ የተለቀቀውን (ፕሮግራሙ ተጠቅሞ የመለሰውን) ሜሞሪ ማን እንደነካው፣ ማን እንደለቀቀው፣ መጀመሪያ ማን እንደወሰደው፣ ከነመስመር ቁጥሩ። የእኔ ጉድ ታይመር ነበር። ጥሪው ሲዘጋ የጥሪውን መረጃ እለቃለሁ፤ ውስጡ የሚቆጥረውን ታይመር ግን ማጥፋት ረስቻለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ታይመሩ ሄዶ የፈረሰ ቤት ያንኳኳል። ማስተካከያው አንድ መስመር ሆነ። ሦስት ሳምንት ለአንድ መስመር!

ከዚያ በፊት ቫልግራይንድን፣ ሌላ የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ መሣሪያ፣ ሞክሬው ነበር። ጎበዝ ነው፤ ግን ፕሮግራሙን ከ10 እስከ 50 እጥፍ ያዘገየዋል። ስልክ ደግሞ አይጠብቅም። መልሱ በሰዓቱ ካልመጣለት ይተወዋል፤ ባጉ ያለበት ጋ ሳንደርስ ጥሪው ይቋረጣል። ሳኒታይዘሩ የሚያዘገየው 2 እጥፍ ገደማ ስለሆነ ስልኩ አይነቃም። ከ16 ቴራባይት በላይ የአድራሻ ቦታ መያዙን ሳይ ግን ላፕቶፔ ያበደ መስሎኝ ነበር። ለካ ለስሙ ነው፣ ያን ያህል ራም አልነካም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። በጂኤስኤም (በ2ጂ ኔትወርክ) ስልክና ኔትወርክ የሚነጋገሩበት ሲግናሊንግ ፍሬም፣ ማለትም አንዱ የመልእክት ጥቅል፣ 23 ባይት ነው። እኛ ግን መልእክቱን የምናስቀምጠው ከዚያ በጣም በሚሰፋ በፈር (ጊዜያዊ የሜሞሪ ማስቀመጫ) ውስጥ ነው። መልእክቱ ውስጥ ያለችው የርዝመት ባይት «ከእኔ በኋላ 200 ባይት አለ» ብላ ብትዋሽ፣ ያላጣራ ኮድ አምኗት ያነባል። ሳኒታይዘሩ ዝም! ዘብ ያቆመው በፈሩ ዳር ላይ እንጂ መልእክቱ ያለቀበት ላይ አይደለማ። በፈሩ ውስጥ ከቀድሞ መልእክት የተረፈ ነገር ካለ እሱም አብሮ ይነበባል።

ስለዚህ ማገዝ ያስፈልጋል። አሁን የመፈተኛ ኮዴ እያንዳንዱን መልእክት ልክ በርዝመቱ ወደተወሰደ ሜሞሪ ይገለብጠዋል። 23 ከሆነ 23 ብቻ። 24ኛዋን የነካ ወዲያው ይጮህበታል። መጀመሪያ ባስኬድኩበት ማታ አራት ቦታ ጮኸ። ሦስቱ እንዲህ የርዝመት ባይት ያመኑ ናቸው። አራተኛው ግን ሌላ ዓይነት ነበር፤ አይኤምኤስአይ (የሲም ካርዱ መለያ ቁጥር) 15 አሃዝ ነው ብሎ 15 ቦታ ብቻ የሰጠ ሰው አለ። ጽሑፉ ማለቁን የምታሳየው መዝጊያዋ ዜሮ 16ኛ ቦታ ትፈልጋለች፣ እሷን ረስቷል። ማን ይሆን ይህ ብዬ፣ ትንሽም እየተሳለቅኩ፣ የኮዱን ታሪክ ገልጬ አየሁ።

እኔው ነኝ።