ኤክስ ሮድ፦ የከተማ አስተዳደርንና ማዕከላዊ መንግሥትን የሚያገናኘው የመረጃ ልውውጥ ሥርዓት ሲገመገም

ወላጅ የልጁን ልደት አስመዝግቦ ከወጣ በኋላ ያንኑ ልደት ለሌላ መሥሪያ ቤት በማስረጃ እንዲያረጋግጥ ከተጠየቀ፣ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸው ድረ ገጽ ቢኖራቸውም እንኳ በመካከላቸው ወረቀት የሚያመላልሰው አሁንም ባለጉዳዩ ነው። ኤክስ ሮድ የተሠራው ይህን ሸክም ለማስቀረት ነው። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ላይ አዋለችው፤ የፕሮግራሙ ኮድ በ2016 ለማንም ክፍት ተደርጓል፤ አሁን ደግሞ ኢስቶኒያና ፊንላንድ በ2017 በጋራ ያቋቋሙት ተቋም ያለማዋል።

የሥርዓቱ ትልቁ ብልሃት ሁሉንም መረጃ አንድ ቋት ውስጥ አለመሰብሰቡ ነው። እያንዳንዱ ተቋም መዝገቡን በራሱ እጅ እንደያዘ በደጃፉ ላይ የደኅንነት ሰርቨር ያቆማል፤ ጥያቄውና መልሱ በሁለቱ ተቋማት ሰርቨሮች መካከል በቀጥታ የሚተላለፉ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መልእክት ይመሰጠራል፣ በዲጂታል ፊርማ ይረጋገጣል፣ የተላከበት ሰዓትም ተመዝግቦ ይቀመጣል። ማዕከሉ የሚይዘው በዋናነት የአባላቱን ዝርዝርና የታመኑትን የምስክር ወረቀት ሰጪዎች፣ ማለትም የአባላቱን ማንነት በዲጂታል መንገድ የሚያረጋግጡትን ተቋማት ዝርዝር ነው። ለየእርከኑ መንግሥታት ቅንጅት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም፤ ምክንያቱም የከተማው ምክር ቤት መዝገቡን ለሚኒስቴር አሳልፎ መስጠት አይጠበቅበትም፣ ሚኒስቴሩም መረጃውን ሲፈልግ እንደማንኛውም አባል ፈቃድ አግኝቶ ይጠይቃል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ገንዘቡ ከአንዱ እርከን፣ ውሳኔው ደግሞ ከሌላው በሚመጣበት ጉዳይ ላይ ነው። በኢስቶኒያ ለኑሮ መደጎሚያ የሚሰጠውን ድጋፍ የሚወስነው የአካባቢው አስተዳደር ሲሆን ወጪው የሚሸፈነው ከመንግሥት በጀት ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ የአመልካቹን አድራሻና የቤተሰብ ሁኔታ ከነዋሪዎች መዝገብ በዚሁ መንገድ ስለምታገኝ፣ አመልካቹ እነዚህን ለማስረዳት ከቢሮ ቢሮ አይንከራተትም። ከ2019 ወዲህማ ልደት ሲመዘገብ የማኅበራዊ ዋስትናው ተቋም ለወላጆች የሚገባቸውን ክፍያ ራሱ ቀድሞ ያቀርብላቸዋል። እኔ ዲጂታል አገልግሎት የምለው ይህን ነው።

ሥርዓቱን በሙከራ ሰርቨሮች ላይ ተክዬ እንዳየሁት፣ ፕሮግራሙን መጫኑ ራሱ ብዙም አያስቸግርም፤ መመሪያዎቹም ዝርዝርና ግልጽ ናቸው። ጊዜ የሚበላው የምስክር ወረቀቶችን ማስወጣት፣ አባልነትን ማስመዝገብና ማን የትኛውን አገልግሎት መጠቀም እንደሚችል አንድ በአንድ መፍቀድ ነው። በትልቅ መሥሪያ ቤት ይህ የአንድ ክፍል የዘወትር ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ላሉት አነስተኛ ከተማ ግን ከባድ ነው። ደግነቱ በርካታ ተቋማት አንድ የደኅንነት ሰርቨር በጋራ መጠቀም ስለሚችሉ፣ ትናንሽ አስተዳደሮች በአንድነት ቢገቡበት እመክራለሁ።

ኤክስ ሮድ የማይፈታውንም መናገር ይገባል። አንዱ መሥሪያ ቤት «ቤተሰብ» ሲል በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩትን፣ ሌላው ደግሞ በሕግ የተሳሰሩትን የሚቆጥር ከሆነ፣ መልእክቱ በትክክል ቢደርስም ውሳኔው ሊሳሳት ይችላል። ኢስቶኒያ ከሥርዓቱ ጎን ጠንካራ ሕግ አላት፤ አንዱ ተቋም የሰበሰበውን መረጃ ለመሰብሰብ ሌላ የተለየ መዝገብ ማቋቋም ክልክል ነው። ይህ ሕግ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ እርከን የራሱን ቅጂ ማከማቸቱን ይቀጥል ነበር ብዬ አምናለሁ። ከጀርመን ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል፦ በ2017 የወጣው ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት፣ 16ቱ ክልሎችና ወደ 11,000 የሚጠጉት ማዘጋጃ ቤቶች አገልግሎታቸውን እስከ 2022 መጨረሻ በኢንተርኔት እንዲያቀርቡ አዝዞ ነበር፤ 575 የአገልግሎት ስብስቦችም ተለይተው ነበር፤ ይሁን እንጂ የጊዜ ገደቡ ሳይሟላ አለፈ። አንድ ክልል የሠራውን አገልግሎት ሌሎቹ እንዲወስዱት የሚለው ሐሳባቸው መልካም ቢሆንም፣ ማመልከቻው በኢንተርኔት ተሞልቶ ከጀርባው ያሉት መዝገቦች ካልተገናኙ ባለጉዳዩ የሚያተርፈው የወረፋውን ጊዜ ብቻ ነው።

የምስክር ወረቀት ሰጪና የመረጃ ባለቤትነትን በግልጽ የሚደነግግ ሕግ ላለው መንግሥት ኤክስ ሮድን ያለማመንታት እመክራለሁ። እነዚህ ገና ላልተሟሉለት ግን ሰርቨር ከመትከሉ በፊት የትኛው እርከን የትኛውን መዝገብ እንደሚይዝና የሰርቨሩን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ቢስማማ ይሻለዋል። አንድ ቅሬታም አለኝ፦ በኢስቶኒያ ዜጋው መረጃውን ማን እንዳየበት የሚከታተልበት መሣሪያ የሚያሳየው መሣሪያውን በሥራ ላይ ያዋሉትን ተቋማት ጥያቄ ብቻ ነው። አዲስ የሚጀምር መንግሥት ይህን መሣሪያ ለማዕከላዊ መሥሪያ ቤቶችም ሆነ ለማዘጋጃ ቤቶች ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የአባልነት ግዴታ ቢያደርገው እወዳለሁ።