ባለ ስምንት ቤዝ ዳያቶኒክ አኮርዲዮን፦ ግራ እጁ እስከ የትኛው ቶን ይከተላል?

ይህን ባለ ሁለት ረድፍ ዳያቶኒክ (ለተወሰኑ ቶኖች፣ ማለትም መነሻ ድምፆች፣ ብቻ የተቃኘ) አኮርዲዮን የገዛሁት ባሕር ዳር ከሚገኝ አንድ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ፣ በ18 ሺህ ብር ነው። ሻጩ «በፈለጉት ቶን ይጫወታል» አለኝ፤ የቀኙን ረድፎች ነካክቼ አመንኩት፣ ግራውን ሳልሞክር መውጣቴ ግን የራሴ ጥፋት ነው።

መሣሪያው በጂና በሲ (G እና C) የተቃኘ ሲሆን በቀኝ 21፣ በግራ 8 ቁልፎች አሉት። ከፒያኖ አኮርዲዮን የሚለየው፣ አንዱ ቁልፍ ወናፉ ሲዘጋ አንድ፣ ሲከፈት ሌላ ድምፅ መስጠቱ ነው። የግራዎቹ ቁልፎች ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ነጠላ ቤዝ (ወፍራም ድምፅ)፣ ሌላው ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ይሰጣል። የመጀመሪያው ጥንድ ሲዘጋ ሲ፣ ሲከፈት ጂ ነው፤ ሁለተኛው ሲዘጋ ጂ፣ ሲከፈት ዲ፤ ሦስተኛው በሁለቱም አቅጣጫ ኤፍ፤ አራተኛው ሲዘጋ ኢ ሜጀር፣ ሲከፈት ኤ ማይነር። ኮርድን በአንድ ቁልፍ የማውጣት ሐሳብ የቆየ ነው፤ ሲሪል ዴሚያን እ.ኤ.አ. በ1829 ቪየና ላይ የፈጠራ መብት ያገኘበት አኮርዲዮን አምስት ቁልፎች ብቻ ነበሩት፣ እያንዳንዳቸውም ኮርድ ያወጡ ነበር።

ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲነሣ ግራ እጅ ብዙ አይቸገርም፤ ዜማው ኤ ላይ ሲያርፍ ግን የጂ ኮርድ ስለሚጋጭ ወደ ኤ ማይነር መሸሽ ያስፈልጋል። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ትዝታ ማይነር ከኤ ሲነሣ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢና ኤፍ ሁለቱን ረድፎች እያቀያየሩ ቢፈልጓቸው አምስቱም ወናፉ ሲከፈት ይገኛሉ፣ የኤ ማይነሩ ቤዝም የሚሰማው በዚያው አቅጣጫ ነው። ጣጣው ወናፉ ተከፍቶ ማለቁ ነው። ሲዘጋ የሚመጣው ኢ ሜጀር በውስጡ ያለው ጂ ሻርፕ ቅኝቱን ስለሚያበላሸው፣ የግራውን ጎን ፈትቼ ጂ ሻርፕ የሚሰጡትን የብረት ምላሶች ብቻ በቀጭን ቴፕ ሸፈንኳቸው። የቀሩት ኢና ቢ ሁለቱም የቅኝቱ ድምፆች ስለሆኑ አሁን ወናፉን እየዘጋሁም ማጀብ እችላለሁ። ለዚህ ብቻ እንኳ ገንዘቡ አልቆጨኝም።

ዘፋኝ ለማጀብ ለሚገዛው ግን አልመክርም። ጣና ዳር ባለ አንድ አዝማሪ ቤት ዘፋኟ ከኢ ፍላት ስትነሣ፣ ማሲንቆ መቺው ጣቱን ጥቂት አንሸራቶ ተከተላት፤ ከእኔ ስምንት ቁልፎች ግን ኢ ፍላት የሚባል ከአንዱም አይወጣም። ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብላ በዲ ብትጀምርልኝ የዲ ኮርድ ሲከፈት ብቻ ተገኘ፤ ኤ ላይ ደግሞ ኮርዱን ትቼ ነጠላውን ቤዝ ብቻ ነካሁ፤ በየስንኙ መካከልም በአውራ ጣቴ የአየር ቁልፉን ተጭኜ ወናፉን በዝምታ እየዘጋሁ ጨረስኩ።