የፍል ውኃ ረቂቅ ሕዋሳትን ለመለየት፦ አንድ ዘረመል ወይስ ሙሉው ዲኤንኤ?

በሰበታ ወይም በሱሉልታ በኩል፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለ አነስተኛ ቤተ ሙከራ የፍልውኃን ወይም የሶደሬን ውኃ ለመመርመር ያሰበ ተማሪ ይህ ምርጫ ይገጥመዋል።

የመጀመሪያው መንገድ 16ኤስ የተባለውን ዘረመል ብቻ በፒሲአር (ዲኤንኤን በቤተ ሙከራ በሚያባዛ ዘዴ) አባዝቶ ማንበብ ነው። ርዝመቱ 1,500 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ያህል ሲሆን በባክቴሪያም፣ ባክቴሪያ በሚመስሉት ግን የተለየ ወገን በሆኑት በአርኬያም ውስጥ ይገኛል። ወጪው ቀለል ይላል፣ ተራ ኮምፒውተር ይተነትነዋል፣ ጥቂት ዲኤንኤም ይበቃዋል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም፤ በጣም በሚፋጅ ምንጭ ውስጥ ሕዋሳት ስለሚያንሱ ብዙ ሊትር ውኃ ተጣርቶም የሚገኘው ዲኤንኤ ኢምንት ሊሆን ይችላል። ዘዴው ግን ያታልላል። ፕራይመሩ (ፒሲአር ማባዛቱን የሚጀምርበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) የማይገጥመው ዝርያ ከነጭራሹ አይታይም፤ የዘረመሉ ብዙ ቅጂ ያለው ደግሞ ከቁጥሩ በላይ ገዝፎ ይታያል።

ሁለተኛው፣ ሜታጂኖሚክስ፣ የናሙናውን ዲኤንኤ በሙሉ ቆራርጦ ያነባል። ማን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ምን መሥራት እንደሚችልም ያመለክታል፤ ሙቀት የሚቋቋም ኢንዛይም ለሚፈልግ ሰው ዋናው ነገር ይህ ነው። (ፒሲአርን ያቀለለው ታክ ኢንዛይም ራሱ የተገኘው ከፍል ውኃ ባክቴሪያ ነው።) በአንጻሩ ወጪው ይከብዳል፣ ጠንካራ ኮምፒውተርም ይጠይቃል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ቀናት የሚፈጅ ስሌት ማስኬድ ደግሞ ትዕግሥትን ይፈትናል።

እኔ ብሆን ናሙናዎቹን ሁሉ በ16ኤስ አይቼ፣ እንግዳ የሆኑብኝን ሁለት ሦስቱን ብቻ ለሜታጂኖሚክስ አሳልፋለሁ። በሁለቱም መንገድ ግን የሞተ ሕዋስ ዲኤንኤ ከሕያው ጋር ተቀላቅሎ ይነበባል።