ለበያይነቱ ሦስት፣ ለቡናው አምስት፦ የምርጫ ሌሊት በአንድ የሰሜን ለንደን ምግብ ቤት

ስሙን አልጽፍም፤ ምክንያቱ ከታች የምነግራችሁ የድንቹ ነገር ነው። ቤቱ ኢዝሊንግተን ውስጥ ይገኛል። ባለቤቶቹ ለአውሮፓ ዋንጫ ብለው ግዙፍ ቴሌቪዥን ሰቅለው ነበር። ሐሙስ፣ ሰኔ 27 ቀን (በፈረንጅ ጁላይ 4 ቀን 2024)፣ ጨዋታ ስላልነበረ የብሪታንያን ምርጫ ከፈቱበት። በእንግሊዝ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ትኩስ ምግብ ለመሸጥ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ሰዎች ፈቃዱ አላቸው። ውጤት እየጠበቀ ማንጋት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጾመ ሐዋርያት ስለነበረ በያይነቱ አዘዝኩ፤ 14 ፓውንድ። እንጀራው ዓይናማ ነው፤ እርሾውም ልኩን ይዟል። የምስር ወጡ ቁሌት ሳይቸኮልበት የበሰለ መሆኑን አፍ ይመሰክራል። ድንችና ካሮቱ ግን ከማቀዝቀዣ ወጥቶ መሀሉ ሳይሞቅ ቀረበ። አስተናጋጇ «ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን አሞቀዋለሁ» ብላ ወሰደችው፤ የተመለሰው ልክ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ የምርጫ ጣቢያዎች ተዘግተው ትንበያው ሲነገር ነው። ተቃዋሚው ሌበር ፓርቲ 410፣ ገዢዎቹ ወግ አጥባቂዎች 131 መቀመጫ! ድንቹን ማን ያስታውሰዋል?

ጭብጨባ ጠብቄ ነበር፤ የሰማሁት ግን ሁለት ሦስት እጅ ብቻ ነው። አንድ የታክሲ ሾፌር «ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱናክ በዝናብ ቆመው ምርጫ የጠሩ ዕለት ያለቀ ነገር ነው» ብሎ ስልኩን ማየት ቀጠለ። በዚህ ውጤት ልባቸው የተንጠለጠለው መምረጥ የማይችሉት ነበሩ። ከበሩ አጠገብ የጥገኝነት ማመልከቻቸውን መልስ የሚጠብቁ ወጣቶች ተቀምጠዋል። እዚህ አገር በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ኬንያዊ አገሩ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) አባል ስለሆነች ዜግነት ሳይቀይር ይመርጣል፤ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ግን አይመርጥም። የሱናክ መንግሥት ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ ለመላክ አቅዶ ነበርና አንደኛው ልጅ «አባባ፣ ሩዋንዳ ቀረ ማለት ነው?» ሲል አጠገቡ ያሉትን አዛውንት ጠየቀ። «የሌበሩ ሰውዬ ቢሮ ይግቡና እንሰማለን፣ ልጄ» አሉት። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የሌበሩ መሪ ስታርመር ቅዳሜ ዕለት የሩዋንዳው ዕቅድ ሞቶ የተቀበረ መሆኑን ሲናገሩ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ልጅ ነው።

እልልታውን ያመጣው ሌላ ሰው ነው። የቀድሞው የሌበር መሪ፣ ከፓርቲው ወጥተው በግል የተወዳደሩት ጄረሚ ኮርቢን የኢዝሊንግተን ሰሜንን የምርጫ ወረዳ በ24,120 ድምፅ፣ በ7,247 ብልጫ ይዘው ቀጠሉ። በፈረንጅ ከ1983 ጀምሮ ወንበሩ የእሳቸው ነው። ቡና የምታፈላው ሴት ጀበናዋን አስቀምጣ እልል አለች፤ የቪዛ ደብዳቤ ይዞ ቢሯቸው ያልሄደ የሰፈሩ ሰው ያለ አይመስልም። ከጥግ ያለች ሴት ደግሞ «ይበቃቸው ነበር፤ እኔ የመረጥኩት የሚያስተዳድር መንግሥት ነው» አለች። እሷም እውነት አላት፤ ግን በዚያ ሰዓት ሰሚ አላገኘችም።

ቡናው ሙሉ አምስት ያገኛል። እዚያው ተቆልቶ፣ ከፈንዲሻ ጋር፣ ከአቦል እስከ በረካ ሳይቀጥን ቀረበ። ቶናው ላይ ሳለን ክርክሩ ጋለ። ሌበር ከመራጩ ድምፅ 33.7 በመቶ አግኝቶ ከ650 መቀመጫ 411 ወሰደ። በስደት ጉዳይ ጥብቅ አቋም ያለው ሪፎርም ፓርቲ በ14.3 በመቶ 5 ብቻ ሲያገኝ፣ ሊበራል ዴሞክራቶች ከእሱ ባነሰ 12.2 በመቶ 72 አገኙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በየወረዳው አንደኛ የወጣው ብቻ ይገባል፣ ድምፁ የተበተነበት ፓርቲ ባዶ እጁን ይቀራል። ሪፎርምን አጥብቆ የሚጠላው ሾፌር ራሱ «ይህ ግን ፍርድ ነው?» ብሎ ሲነሳ ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። እኔም ከእሱ ወገን ነበርኩ። ከሁሉም ያስቆጣኝ ግን በዚህ መሀል አስተናጋጁ ሙዚቃ መክፈቱ ነው!

ከነጋ በኋላ የወግ አጥባቂዎቹ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ በወረዳቸው በ630 ድምፅ ተሸነፉ። አንቀላፍቶ የነበረው ሁሉ ተነሳ። በፈረንጅ 2022 የእሳቸው «አነስተኛ በጀት» የተባለው የግብር ቅነሳ ዕቅድ ገበያውን ሲያናጋ የቤት ብድር ወለዱ የናረበት አንድ ነርስ ለሁላችንም ሻይ ጋበዘ። ለማንም ፓርቲ ያልሆነ፣ ከልብ የመጣ ደስታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ላይ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ታክሎ መጣ፤ ድምፅ ሳይሰጥበት የጸደቀ። ቀዝቃዛውን ድንች ሳስታውሳቸው ያለ ክርክር ቀነሱት። ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ካርድ ያዙ። መጸዳጃ ቤቱ ምድር ቤት ስለሆነ ደረጃ ለማይችል ሰው አይመችም። ጨዋታ ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። እኔም ጾም ባልሆነበት ጊዜ ጥብሱን እሞክራለሁ።