«እኔ እዚሁ ነኝ» ለሚል ጋራንቲ ብር አትክፈሉ

ከአያት እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ እስከ አለም ገና፣ በኮንዶሚኒየም ሥር ባሉ ሱቆችና በቴሌግራም አንድ ዓይነት አምፕሊፋየር (ድምፅ አጉልቶ ለስፒከር የሚሰጠው ዕቃ) ደጋግሞ ይታያል። ፊቱ ላይ ሰማያዊ መብራት ይጫወታል፤ ብሉቱዝ፣ የፍላሽና የማይክ መሰኪያ አለው፤ ካርቶኑ ላይ «1200 ዋት» ተጽፏል። «የአንድ ዓመት ጋራንቲ አለው» ይሏችኋል። የታለ ወረቀቱ ስትሉ «ወንድሜ፣ አታስብ፤ ችግር ካለ እኔ እዚሁ ነኝ» ይመጣል። በስምንተኛው ወር አምፕሊፋየሩን ታቅፋችሁ ስትመለሱ ሱቁ ጁስ ቤት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ባይዘጋ እንኳ ሻጩ ቴስተር (የቮልትና የኦም መለኪያ) የለው፣ መለዋወጫ የለው፣ አስመጪውን አያውቀው። ቢበዛ ዕቃውን ተቀብሎ መርካቶ ለሚያውቀው ጠጋኝ ይልክላችኋል፤ ሒሳቡ ግን የእናንተው ነው።

አምፕሊፋየር ይበላሻል፤ ጥሩውም ይበላሻል። ስለዚህ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ሲበላሽ ክዳኑን የሚከፍተው ማን እንደሆነ፣ ምን መለዋወጫ እንዳለውና ወጪውን ማን እንደሚችል አጣሩ።

ካርድ ከሰጧችሁ ገልብጡት። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል «በኃይል መዋዠቅ ለደረሰ ጉዳት ዋስትናው አያገለግልም» የሚል መስመር አይጠፋም። ከተማ ዳር ለሚኖር ሰው ይህች አንድ መስመር ጋራንቲውን እንዳለ ትበላዋለች። ብዙው ቤት ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ርቆ በቀጭን መስመር ነው መብራት የሚያገኘው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ፣ ጎረቤት ሁሉ ምጣድ በሚሰካበት ሰዓት 220 መሆን የነበረበት ቮልት ከ190 በታች ሊወርድ ይችላል። የጠፋ መብራት ሲመለስ ደግሞ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ድርግም ብሎ ነው የሚረጋው። እናም የተቃጠለ ሁሉ «መብራት ነው ያቃጠለው» ተብሎ ይዘጋል፣ ክዳኑን ሳይከፍቱት።

ከፍቶ ላየው ግን ይለያል። ከፍተኛ ቮልት የገባበት ዕቃ ከመብራት ገመዱ መግቢያ አጠገብ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው ቫሪስተር፣ ማለትም ከፍተኛ ቮልትን የምትከላከለው ዕቃ (ካለችው)፣ ፈንድታ፣ የመግቢያው ፊውዝ ጠቁሮ፣ አንዳንዴም በራሱ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር የ220 ወገን ተበጥሶ ይገኛል። ትራንስፎርመሩ ደህና ሆኖ፣ አሉሚኒየሙ ላይ የታሰሩት፣ ድምፁን የሚያጎሉት ፓወር ትራንዚስተሮች ሾርት ከሆኑ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፦ ሙቀት፣ የስፒከር ገመድ መነካካት፣ ወይም ከመጀመሪያውም ፌክ የነበረ ትራንዚስተር። ዝቅተኛ ቮልትም ቢሆን ከባድ ትራንስፎርመር ያለውን አምፕሊፋየር አይገድለውም፤ ድምፁ ቶሎ እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል እንጂ። ስለዚህ «መብራት ነው» ሲሏችሁ «የትኛው ክፍል እንደተቃጠለ አሳዩኝ» በሉ።

እውነተኛው የመብራት ገዳይ የኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) መላቀቅ ነው። ፖል ላይ ኒውትራሉ ሲለቅ ከሦስቱ ፌዝ በአንዱ የሚኖር ቤት ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊደርሰው ይችላል። ርካሹ ስታቢላይዘር ይህን አይችለውም። የሚያድናችሁ ቮልቱ ከ250 ሲያልፍ የሚቆርጥና መብራት ከተመለሰ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ጠብቆ የሚለቅ መከላከያ ነው፤ ለፍሪጅ የሚሸጠው ያው ዕቃ ለአምፕሊፋየርም ይሆናል።

ዋጋ ያለው የዋስትና ወረቀት ላይ የሻጩ ድርጅት ስምና ቲን ቁጥር፣ ሞዴሉ፣ ሲሪያል ቁጥሩ፣ ቀኑና ማኅተሙ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ የጥገና ቦታው አድራሻ፣ ጥገናው ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ጋራንቲው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው ወይስ መለዋወጫንም ይጨምራል የሚለው፣ መለዋወጫ ከጠፋ ምን እንደሚደረግ መጻፍ አለበት። ሲሪያሉ ካርቶኑ ላይ፣ ዕቃው ጀርባ ላይና ካርዱ ላይ አንድ መሆኑን ቁጥር በቁጥር አስተያዩ፤ ካርቶኑ የሌላ ዕቃ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የቴሌብር ወይም የባንክ ማስተላለፊያ መልእክት ብር መላካችሁን እንጂ ምን እንደገዛችሁ አያሳይም፤ ሞዴሉ የተጻፈበት የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ጠይቁ። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» ካላችሁ የቀነሰላችሁ ጋራንቲውን ነው።

ጥገና አለ ከተባለ ሳትገዙ ደውሉ። «ትጠግናላችሁ?» አትበሉ፤ ማንም አዎ ይላል። «የዚህ ሞዴል ፓወር ቦርድ አሁን እጃችሁ ላይ አለ? ዋጋው ስንት ነው?» በሉ። የሚያውቅ ሰው ወይ ዋጋ ይነግራችኋል፣ ወይ «ቦርድ የለንም፣ ትራንዚስተር እንቀይራለን» ይላል። ሁለቱም ደህና መልስ ነው። «አምጣውና እናየዋለን» ካለ ግን ሌላ ሱቅ እዩ።

አሁን ወደ ዋቱ። ካርቶኑ ላይ ያለው 1200 ፒኤምፒኦ የሚሉት ቁጥር ነው፤ መለኪያ የለውም፣ ፋብሪካው ደስ ያለውን ይጽፋል። አሜሪካ ውስጥ በ1974 (እ.ኤ.አ.) የአምፕሊፋየር ዋት አገላለጽን የሚገዛ ደንብ እስከመውጣት ያደረሰው ይኸው ዓይነት ማጋነን ነበር። እናንተ ጀርባውን አንብቡ። «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 80 ዋት» ይላል እንበል። ታዋቂ ብራንዶች የፍጆታ ቁጥሩን በመካከለኛ አጠቃቀም ስለሚለኩት ከከፍተኛው ድምፅ ጋር ሲተያይ ያንስ ይሆናል፤ 80 የሚበላ ዕቃ 1200 ይሰጣል ማለት ግን በአንድ ባልዲ ውሃ አሥራ አምስት ባልዲ እሞላለሁ ማለት ነው።

ሁለተኛ መለኪያም አለ። በክዳኑ ቀዳዳ በስልክ መብራት አሳይታችሁ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች (እንደ ጣሳ ክብ የሆኑት) ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። 35 ካለ ውስጡ ያለው ቮልት ከዚያ በታች ነው፤ 30 ብላችሁ ያዙት። 30ን በ30 አባዝታችሁ ለ16 ብታካፍሉ 56 ይመጣል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ 30 ቮልት ያለው የተለመደ አምፕሊፋየር በ8 ኦም ስፒከር ከዚያ በላይ ዋት በአንድ ቻናል ሊሰጥ አይችልም፤ በተግባር ያንሳል። ማነሱ አያስነቅፈውም። በ1978 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ናድ 3020 በወረቀት 20 ዋት ብቻ ነበር፤ ዛሬም ይፈለጋል። ያማሃ ኤ-ኤስ301 60 ዋት ነው፣ 9 ኪሎ ይመዝናል። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን 30 እውነተኛ ዋት ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጎረቤት ያንኳኳል። 1200 ዋት የተባለው 3 ኪሎ ካልሞላ ትርፍ ቃል አያስፈልገውም።

ያገለገለ የምትፈልጉ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። ከጃፓን የሚመጡት ያማሃ፣ ዴኖን፣ ሳንሱይ፣ ፓዮኒር ሪሲቨሮች (የዲሹን ሪሲቨር ማለታችን አይደለም፤ ራዲዮና አምፕሊፋየር አንድ ላይ ያለውን ነው) ለአገር ውስጥ ገበያቸው ከተሠሩ በ100 ቮልት ነው የሚሠሩት፤ የአሜሪካዎቹ በ120። ስፒናው ተቆርጦ በእኛ ስፒና ስለተተካ ብቻ 220 አይሆንም። አንዴ ከሰካችሁት ነገሩ አለቀ። ጀርባው ላይ የቮልት መምረጫ ካለ 220 ወይም 240 ላይ መሆኑን ሳይሰካ እዩ። መቀነሻ ትራንስፎርመር ካሰባችሁም ለ100 ቮልት ዕቃ የ110 መቀነሻ አታድርጉ፤ የእኛ መብራት ከፍ ባለ ጊዜ ያ 110ም አብሮ ከፍ ይላል፣ ዕቃውም ይግላል።

አሁን የጥገናው ነገር፣ ለከተማ ዳር ሰው ከምርጫው ሁሉ ይህ ይበልጣል። አዲሶቹ ቀላል አምፕሊፋየሮች ክላስ ዲ ናቸው፤ ፓወሩም ድምፁም አንድ ቦርድ ላይ ነው። በራሱ ክፉ አይደለም፣ ጥሩ የሆነም አለ። ችግሩ ርካሾቹ ላይ የቺፑ ቁጥር በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ መገኘቱ ነው። ቁጥሩን ያላወቀ ጠጋኝ ምን ብሎ ይቀይር? ቦርዱ እንዳለ ካልመጣ ዕቃው ሞተ። የድሮው ክላስ ኤቢ ግን ከባድ ትራንስፎርመርና የተለያዩ ትራንዚስተሮች ስላሉት መርካቶም ጠጋኝ አያጣም። ከዚህ ወገን ለምትገዙ ምክራችን በሞዴል ሳይሆን በውስጡ ምረጡ ነው።

እዚያም ቢሆን ፌክ አለ። 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 የሚባሉት ጥንድ ፓወር ትራንዚስተሮች በዓለም ገበያ ፌካቸው በብዛት ከሚሠራ ዕቃዎች መካከል ናቸው። የፌኩ ልባስ ልክ እንደ ኦሪጅናሉ ነው፤ ውስጡ ያለችው ሲሊከን ግን ኢምንት ናት፣ ድምፅ ከፍ ሲል ትቃጠላለች። «ተጠገነ» ተብሎ በሳምንቱ የሚመለስ አምፕሊፋየር ሚስጥሩ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ለጠጋኝ ስትሰጡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የተቃጠለው ዕቃ ይመለስልኝ፤ መጀመሪያ ሲበራ በ100 ዋት ባለ ክር አምፖል በኩል በሲሪየስ ይሰካ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ በሙሉ ብርሃን ከቆየ ውስጡ አሁንም ሾርት አለ። ይህን ሲሰማ የሚገረም ጠጋኝ ጋ ዕቃችሁን አትተዉ።

ሱቅ ስትሄዱ ቴስተር ያዙ፣ ወይም ቴስተር ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ስፒከር ሳይታሰር ያብሩት። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከውስጥ «ጠቅ» የሚል የሪሌ ድምፅ መሰማት አለበት፤ እሱ ነው ስፒከራችሁን የሚጠብቀው። ካልሰማችሁ ወይ መከላከያ የለውም፣ ወይ መከላከያው ውስጡ ችግር አይቶ አልለቅም ብሏል። ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርጋችሁ የስፒከር መሰኪያዎቹን ቀይና ጥቁር ለኩ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ እሰየው፤ ከ100 ካለፈ ጠርጥሩ፤ በሚሊቮልት ሳይሆን በቮልት ካነበበ ስፒከር አታስነኩት፣ ቮይስ ኮይሉን (ስፒከሩ ውስጥ ያለውን ጥቅል ሽቦ) ያቃጥላል። ስፒከሩንም ለኩት፦ ባለ 8 ኦሙ 6 አካባቢ፣ ባለ 4ቱ ከ3 ትንሽ ከፍ ያለ ያነባል። ሁለት ባለ 8 ስፒከር በአንድ መሰኪያ ላይ ጎን ለጎን ከታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ጀርባው «8 ኦም ዝቅተኛ» ካለ ይህን ማድረግ ዕቃውን በእጃችሁ መግደል ነው፣ ጋራንቲም አይሸፍነውም።

ከዚያ ዘፈን ክፈቱና ሻጩ ቢያጉረመርምም 30 ደቂቃ ይጫወት። ባላንሱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ውሰዱት፤ ሁለቱም ወገን እኩል ይናገር። ቮልዩሙን በቀስታ አዙሩት፤ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አዲስ አይደለም። ዘፈኑን አቁማችሁ ጆሯችሁን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ፤ አንድ ሜትር ላይ የሚሰማ የ«ህምም» ድምፅ የካፓሲተር ወይም የግራውንድ ችግር ነው። ክዳኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ለብ ማለቱ ደንብ ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ቤት ተሸፍኖ ሲቀመጥ ይብሳል፤ በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ የሚወስደው ሙቀትም ያነሰ ነው። ስለዚህ ቤት ከላዩ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተውለት፤ ዳንቴል አታልብሱት።

የስፒከሩን ገመድ ስታስሩ አንዲት ክር ወጥታ ጎን ያለውን መሰኪያ ብትነካ ትራንዚስተሩ ይሄዳል። ገመዱን ልጣችሁ ክሮቹን ጠምዝዙ፣ አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ እሰሩ። ሻጩ ሊያሳያችሁ የጋራንቲ ማኅተሙን ቀዶ ክዳኑን ከከፈተ ካርዱ ላይ «በሻጩ የተከፈተ» ብሎ ይፈርም፤ አለዚያ ነገ «ማኅተሙ ተነክቷል» ትባላላችሁ። ካርቶኑንና ፎሙን አትጣሉ፤ ለጥገና በሚኒባስ ስታመላልሱት ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ቢጠይቃችሁም ዕቃው ሳይጎዳ ይደርሳል።

ገዝታችሁት ከሆነና ጉድለት ካገኛችሁበት አትዘግዩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበት ዕቃ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ለሸማች ይሰጣል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይህን አይሽረውም። ሻጩ እምቢ ካለ ደረሰኙንና ካርዱን ይዛችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ንግድ ፈቃድ የአዲስ አበባ ነው ወይስ የሸገር ከተማ የሚለውን እዩ፤ በዚህ በእኛ ዳርቻ መንገድ ተሻግሮ ያለው ሱቅ የሌላ ከተማ ሆኖ ይገኛል፣ እናንተም ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስትባሉ 15ቱ ቀን ያልቃል።