ኦብሲዲያን ወይስ ኖሽን? ማስታወሻችን የት ይቀመጥ

የማስታወሻ መተግበሪያ ስንመርጥ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ የምንጽፈው የት ይቀመጣል?

ኦብሲዲያን እያንዳንዱን ማስታወሻ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ያስቀምጠዋል። መተግበሪያው ነገ ቢዘጋ እንኳ ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም ትከፍቱታላችሁ። ለመጻፍ ኢንተርኔት አያስፈልግም። የሌላ ማስታወሻ ርዕስ በድርብ ካሬ ቅንፍ ውስጥ ስትጽፉ ደግሞ ሁለቱ ይያያዛሉ። ከወራት በኋላ የረሳችሁት ሐሳብ በዚያ ማያያዣ በኩል ብቅ ይላል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የግል እውቀት የሚያድገው ሐሳብ ከሐሳብ ሲገናኝ ነውና።

ኖሽን ጽሑፉን በዋናነት የሚያኖረው በራሱ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስባቸው የኩባንያው ኮምፒውተሮች ላይ ነው። በሠንጠረዥ ግን አይታማም። ያነበባችሁትን በደራሲ፣ በዓመት፣ በርዕሰ ጉዳይ መደርደር በጣም ቀላል ነው። ከሰው ጋር አብሮ ለመጻፍም እሱ ይሻላል። ጽሑፉን አውጥቶ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ይቻላል፤ ሠንጠረዦቹ ግን እንደነበሩ አይወጡም።

ለዓመታት ለሚከማች የግል ንባብ እኔ ያለ ማመንታት ኦብሲዲያንን እመርጣለሁ። በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ግን ኖሽንን ያዙ። ስልክና ኮምፒውተር ማናበብ ላይም፣ ማለትም አንዱ ላይ የጻፋችሁት ሌላውም ላይ እንዲገኝ ማድረግ ላይ፣ ኖሽን ይቀላል፤ ኦብሲዲያን ለራሱ ማናበቢያ ያስከፍላል።