የቢሯችንን ስልክ ወደ ሞባይል አዞርነው፤ እንዴት ሆነልን?

በቀጥታ ልንገራችሁ። ጥቂት ሰው ላለው ቢሮ፣ በተለይ ሠራተኛው ውጭ ውጭ ለሚውልበት፣ ሞባይል ከፒኤቢኤክስ (የገባውን ጥሪ ለየጠረጴዛው ስልክ ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ይሻላል። ግን ቁጥሩ የቢሮው ይሁን፤ የሠራተኛው አይሁን።

የኛ ሥራ ትራንዚት ነው፤ የአስመጪዎችን ዕቃ ከጉምሩክ እናወጣለን። ግማሻችን ሞጆ ደረቅ ወደብ እንውላለን፣ የቀረው ቃሊቲ ጉምሩክ ወይ ቦሌ ካርጎ ነው። ቢሮ የምትቀመጠው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ደንበኛ ደግሞ የሚጠይቀው ያው ነው፤ «ኮንቴነሬ የት ደረሰ?» ድሮ በ011 ይደውላል፣ ልጅቷ ታነሳለች፣ የሚመለከተው ሰው ኤክስቴንሽን (የውስጥ መስመር) ላይ ታገናኘዋለች፣ ጠረጴዛው ጋ ግን ማንም የለም፤ ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ይቋረጣል። መልሶ ይደውላል፣ ያው ነው። እንዲህ የተመላለሰ ሰው ሌላ ትራንዚተር ቢፈልግ አይፈረድበትም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ከሌለ ሳጥኑ ራሱ ፀጥ ይላል።

አሁን ያለን አንድ ርካሽ ባለቁልፍ ስልክ ለጥሪ፣ አንድ ስማርት ስልክ ደግሞ ለዋትስአፕ ቢዝነስ ነው። ሁለቱም ቢሮ ነው የሚያድሩት፣ ሲሞቹም በድርጅቱ ስም ነው የወጡት። ባለቁልፉን አትናቁት። ቻርጁ ቀናት ይቆያል፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ማንም ሊያነሳው ይችላል።

«ባለሁለት ሲም አንድ ስልክ አይበቃም ወይ?» ለምትሉ፣ ለቢሮ አይበቃም። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ 09 እና 07ን አንድ ስልክ ላይ የሚይዝ ብዙ ነው። አብዛኞቹ ስልኮች ላይ ግን በአንዱ ሲም እያወራችሁ ሌላው አይሠራም። በዚያኛው የሚደውለው ደንበኛ «ማግኘት አይቻልም» ይባላል፤ እናንተ ግን ቁጭ ብላችሁ እያወራችሁ ነው።

ትልቁን ሥራ የሚሠራልን ጥሪ ማስተላለፍ ነው። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ መኖሩንም አያውቅም። *61* ብላችሁ፣ ጥሪው እንዲሄድለት የምትፈልጉትን ቁጥር ጽፋችሁ፣ # ጨምራችሁ ስትደውሉ፣ ያልተነሳ ጥሪ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። መስመሩ ሲያዝ ከሆነ *67* ነው፣ ስልኩ ሲዘጋ ወይ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ *62*። ሁሉንም ለማጥፋት ##002#። ልጅቷ ምሳ ስትወጣ ጥሪው ሞጆ ያለው ልጅ ጋ ይገባል፤ ደንበኛው የሚያውቀው አንድ ቁጥር ነው፣ ማን የት እንዳለ አያስጨንቀውም። የተላለፈው ጥሪ ሂሳብ ግን የሚቆረጠው ከናንተ ስለሆነ ቢሮው ሲም ላይ ሁሌም ካርድ ይኑር።

ዋትስአፕ ቢዝነስ ነፃ ነው፤ ከጠበቅኩት በላይ ጠቅሞናል። እያንዳንዱን ደንበኛ «ጅቡቲ ያለ»፣ «ሞጆ የደረሰ»፣ «ቀረጥ የተከፈለ» እያልን ምልክት እንሰጠዋለን። ተደጋጋሚ ጥያቄ አጭር መልሱ ተቀምጦለታል። ከዋናው ስልክ ሌላ እስከ 4 መሣሪያ ማያያዝ ስለሚቻል ቃሊቲ ያለውም ልጅ በቢሮው ቁጥር መልስ ይሰጣል። ጅቡቲ ካለው ወኪል ጋር የቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ፎቶ እየተለዋወጥን የምናወራውም እዚያው ነው፤ በ253 በቀጥታ ከመደወል ወጪው በጣም ይቀንሳል። ዋትስአፑን በ011 ቁጥርም መክፈት ይቻላል፤ በኤስኤምኤስ ፋንታ ይደወልልኝ የሚለውን ስትመርጡ የማረጋገጫ ኮዱን በድምፅ ይነግራችኋል። ፒኤቢኤክሱ በተቀዳ ድምፅ የሚያነሳ ከሆነ ግን ኮዱ አይደርሳችሁም፣ ለዚያች ደቂቃ መስመሩን ቀጥታ ስልክ ላይ ሰኩት። ድክመቱ ኢንተርኔት ነው። ኔትወርክ ሲደክም ድምፁ ይቆራረጣል፣ ኢንተርኔት በጠፋ ቀን ደግሞ ጭራሽ የለም። ለዚህ ነው ባለቁልፉን የማንለቀው።

የሲሙን ነገር አጥብቄ የምናገረው አንድ የማውቀው ቢሮ ስለደረሰበት ነው። ባነሩም፣ ቢዝነስ ካርዱም፣ ማኅተሙም ላይ የነበረው የአንድ ሠራተኛ የግል ቁጥር ነበር። ልጁ ለቅቆ የራሱን ሥራ ጀመረ። ደንበኛው ሲደውል የሚያነሳው እሱ ነው፤ ሲሙ በስሙ ስለሆነ ማንም ምንም ማለት አልቻለም። የብዙ ዓመት ደንበኛ እንዲሁ ሄደ። እባካችሁ ዛሬውኑ የናንተ ሲም በማን ስም እንደወጣ አጣሩ።

ሞባይል የማይችለውም አለ። እያወራችሁ ያለውን ሰው እንደ ፒኤቢኤክስ በአንድ ቁልፍ ለሌላ ሠራተኛ ማሳለፍ አይመችም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከደወለ ወረፋ የሚያስይዝ የለም። ስለዚህ ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ ሰፊ ፎቅ የያዘ መሥሪያ ቤት ይህንን አይሞክር፤ ክፍል ከክፍል በውስጥ መስመር በነፃ መደዋወሉ ብቻውን ሳጥኑን ያዋጣዋል። እኛም 011ዱን አልዘጋነውም። አንዳንድ ነባር አስመጪዎች ዛሬም መጀመሪያ የሚደውሉት በሱ ነው።